የቫልቭ (የመስታወት ቱቦ) አምፕሊፋየር ለሚሠሩ፦ ስለ ኧርዝና ስለ ጥንቃቄ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሠራሁት አምፕሊፋየር «እምም» ይላል። የኧርዙን (ወደ መሬት የሚሄደውን) ሽቦ ስነቅለው ግን ጸጥ ይላል። እንደተነቀለ ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት፤ ዛሬውኑ መልሰው ይግጠሙት። ኧርዙ ከቻሲሱ (ከአምፕሊፋየሩ የላሜራ ሳጥን) ጋር የሚታሰረው ድምፅ ለማጥራት ሳይሆን፣ የትራንስፎርመሩ ጥቅል ተቃጥሎ ፌዙ (ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ) ላሜራውን በነካ ቅጽበት ብዙ ኮረንቲ ፈስሶ ፊውዙ እንዲበጠስ ነው። ኧርዙ ከተነቀለ ፊውዙ ሳይበጠስ ይቀራል፣ ቻሲሱም 220 ቮልት እንደያዘ ይቆያል። «እምምታው» አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው፣ ሁለት መሣሪያዎች በየራሳቸው ኧርዝ ታስረው ሳለ በሲግናል ገመድም ሲገናኙ በሚፈጠረው ቀለበት ነው። ስለዚህ ቻሲሱ በቀጥታ ከኧርዙ ጋር እንደታሰረ ይቆይ፤ የድምፁን ግራውንድ (የሲግናሉን መመለሻ መስመር) ግን ከቻሲሱ ጋር በ10 ኦም ሬዚስተር ያገናኙት፣ ከሬዚስተሩም ጎን ብልሽት ሲደርስ ኮረንቲውን የሚያሳልፍ ባለ 35 አምፔር ብሪጅ ሬክቲፋየር ያስገቡ። የመግቢያ ጃኮቹ ቻሲሱን መንካት የለባቸውም፤ ከነኩ ይህ ሁሉ ሥራ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ኧርዙን በየትኛው ቡሎን ልሰረው?

መልስ፦ ለእርሱ ብቻ በተበሳ ቀዳዳ፣ ቀለሙ በተፋቀ ላሜራ ላይ፣ ጥርስ ባለው ሮንዴላ። የትራንስፎርመሩን ቡሎን አይጠቀሙ። ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ ላይ የሚበጠሰው ኧርዙ እንዲሆን ከፌዙና ከኒውትራሉ (ኮረንቲውን ከሚመልሰው ሽቦ) አስረዝመው ይተዉት።

ጥያቄ፦ ለጥሩ ድምፅ የትኛውን ቫልቭ ይመክራሉ?

መልስ፦ የዛሬው ጉዳያችን አይደለም።

ጥያቄ፦ የቤታችን ሶኬት ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ኧርዝ የለውም። ምን ላድርግ?

ሌላ አባል፦ ኒውትራሉን ከቻሲሱ ጋር ማሰር ይበቃል። እኔ ለዓመታት እንዲህ ስሠራ አንድም ቀን አልነዘረኝም።

ሦስተኛ አባል፦ ስፒናው ተገልብጦ ቢሰካስ?

ሌላ አባል፦ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ አይገለበጥም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ምክር ለማንም እንዳይሰጡ እለምንዎታለሁ። ምልክቱን የማያውቅ የቤት ሰው ገልብጦ ከሰካው ቻሲሱ በቀጥታ ፌዝ ይሆናል። ሳይገለበጥም እንኳ ምሰሶው ላይ ኒውትራሉ ቢበጠስ፣ ፌዙ በትራንስፎርመሩ ጥቅል በኩል አልፎ ቻሲሱ ላይ ይቀራል። ለጠያቂው፦ ባለሙያ አስጠርተው የኧርዝ ዘንግ ያስቀብሩ፤ እርሱ ብቻውን ግን አይበቃም። በደረቅ መሬት የዘንጉ ሬዚስታንስ 50 ኦም ቢሆን በ220 ቮልት የሚፈሰው 4.4 አምፔር ነው፤ ይህ ደግሞ የ16 አምፔር ብሬከርን አያስወርድም። ስለዚህ ወደ መሬት የሚያፈተልክ ኮረንቲ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ የሚወርድ የሊኬጅ ብሬከር ይጨመር። እርሱም ቢሆን ከትራንስፎርመሩ ቀጥሎ ለቫልቮቹ ከሚሄደው የ400 ቮልት ዲሲ አያድንም፤ ያ ኮረንቲ በብሬከሩ በኩል ስለማይመለስ ብሬከሩ አያየውም።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ለመጣ የ120 ቮልት አምፕሊፋየር መቀነሻ ትራንስፎርመር ገዛሁ። ከአደጋ ይጠብቀኛል?

መልስ፦ ብዙዎቹ መቀነሻዎች መግቢያና መውጫቸው አንድ ጥቅል ስለሆነ ከመስመሩ አይለዩዎትም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመርም በእኛ 50 ኸርዝ ይግላል።

ጥያቄ፦ አምፕሊፋየሬ ችግር አለበት፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን ዓይነት ችግር? ምን ለኩ? እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ስፒናውን ነቅዬም ነዘረኝ፤ ለምን?

መልስ፦ ኮረንቲ አጠራቅሞ የሚይዘው ካፓሲተር ነው። 100 ማይክሮፋራድ በ400 ቮልት 8 ጁል ይይዛል። ባለ 5 ዋት የ100 ኪሎኦም ሬዚስተር በካፓሲተሩ ጫፎች መካከል በቋሚነት ይበይዱ፤ በ50 ሰከንድ ገደማ ወደ 3 ቮልት ያወርደዋል። ቢሆንም ሬዚስተሩ ሊበጠስ ስለሚችል፣ እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት ሁልጊዜ በቴስተር ይለኩ።

ጥያቄ፦ «እምምታው» ከምን እንደመጣ ለማወቅ ኧርዙን ለአምስት ደቂቃ ብቻ ብነቅለውስ?

መልስ፦ ከላይ ተናግሬአለሁ፤ ለአንድ ደቂቃም አይነቀልም። የሚነቀለው የሲግናል ገመዱ ነው። መግቢያውን ከግራውንዱ ጋር አገናኝተው ያድምጡ፦ ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የቀለበቱ ነው፤ ካልጠፋ ውስጡን ይፈትሹ።