ትልልቅ የወለል ስፒከሮችን ለረጅም ጉዞ ስለማሸግ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። እያንዳንዳቸው 35 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑና ቁመታቸው ከ1 ሜትር የሚያልፍ ሁለት የወለል ስፒከሮችን ከቨርጂኒያ አዲስ አበባ ለሚኖሩት ታላቅ ወንድምዎ በኮንቴነር ሊልኩ አስበዋል፤ የፋብሪካው ካርቶን ግን ቀድሞ ተጥሏል። በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በላዩ አየር የያዘ ፕላስቲክ ደርቦ መላክ ይበቃ እንደሆነም ጠይቀዋል። መልሴ አይበቃም የሚል ነው። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው፣ ምክንያቱን የተረዳ ሰው በእጁ ያለው ዕቃ ከእርስዎ ቢለይም በትክክል ማሸግ ስለሚችል ነው።

የድምፅ መሣሪያ በመጠገን ሥራ ላይ ለብዙ ዓመታት ስለቆየሁ በጉዞ የተጎዱ ስፒከሮች በየጊዜው ወደ እኔ ይመጣሉ። አብዛኛው ላኪ የሚፈራው ጭረትን ስለሆነ መጠቅለያውን ያበዛል። እኔ ግን ከውጭ አንዳች ምልክት ሳይታይባቸው ውስጣቸው የተበላሸ ስፒከሮችን ደጋግሜ ከፍቻለሁ። ትልቅ ስፒከርን በዋናነት የሚሰብረው የራሱ ክብደት ነው። ሳጥኑ ከጉልበት ከፍታ ወድቆ ድንገት ሲቆም፣ ከዉፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ ከሚያወጣው ትልቁ ክብ ክፍል) ጀርባ ያለው ከባድ ማግኔት አብሮት አይቆምም፤ በጀመረው አቅጣጫ ሊቀጥል ይታገላል። ማግኔቱ በብዙ ስሪቶች ከብረት አቃፊው ጋር የተያያዘው በሙጫ በመሆኑ፣ ሙጫው ከለቀቀ በጥቂቱ ይንሸራተታል። ዉፈሩን የሚያንቀሳቅሰው የመዳብ ሽቦ ጥቅል የሚመላለስበት ክፍተት ደግሞ በየጎኑ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ፣ ያ ትንሽ መንሸራተት ጥቅሉ ከብረቱ ጋር እንዲፋተግ ለማድረግ ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ ዉፈሩን ከመለወጥ ሌላ መፍትሔ አይገኝም። በክሮስኦቨሩ (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ በሚያከፋፍለው) ሰሌዳ ላይ የተለጠፉት ከባድ የሽቦ ጥቅሎችም የሚነቀሉት በዚሁ ምክንያት ነው። የስፒከሩ ሳጥን ማዕዘን ከኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ ከተጨመቀ ሰሌዳ) የተሠራ ከሆነም አንድ ጊዜ ከተመታ ይፈረካከሳል እንጂ እንደ ጣውላ ተመልሶ አይጣበቅም።

ስለዚህ የማሸጉ ዓላማ ዕቃውን መሸፈን ብቻ ሳይሆን፣ ሲወድቅ ቀስ ብሎ እንዲቆም ማድረግ ነው። ብርድ ልብስ በ35 ኪሎ ሥር ተጨፍልቆ ወረቀት ያህል ይሳሳል። አየር የያዘው ፕላስቲክም በዚህ ክብደት ይፈነዳል። ከረጢት ሙሉ የሚሸጡት ትንንሽ የፎም ፍሬዎች ደግሞ በመንቀጥቀጥ ብዛት ወደ ጎን እየሸሹ ስፒከሩን ከካርቶኑ ወለል ጋር ያገናኙታል። ነጩ ስታይሮፎም የመጀመሪያውን ምት በደንብ ይቀበላል፤ ነገር ግን አንዴ ከተሰባበረ ለሁለተኛው አይደርስም። በየመጋዘኑ ለሚነሣና ለሚጣል ዕቃ የምመርጠው ተጨምቆ ወደ ቦታው የሚመለሰውን የፖሊኢቲሊን ፎም ነው፤ ውፍረቱም በሁሉም አቅጣጫ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር የፎሙ ስፋት ነው። ከባድ ዕቃ በጠባብ ፎም ላይ ካረፈ ፎሙ ተጨፍልቆ ያልቃል፤ በጣም ሰፊ ፎም ላይ ካረፈ ደግሞ ፎሙ እንደ ጣውላ ደንድኖ ምቱን ሳይቀንስ ያስተላልፈዋል። የእርስዎ ስፒከር መቀመጫ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ማለትም 1,200 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ሙሉውን ፎም ማልበስ ለ35 ኪሎ የሚስማማ ነው። ጎኑንና ጀርባውን ግን ከላይ እስከ ታች በፎም አይለብጡት፤ ወርዳቸው 10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ጥብጣቦችን አግድም ቢያደርጉ ተቀራራቢ ስፋት ያገኛሉ። በፊት ለፊት የሚሆኑት ጥብጣቦች በዉፈሮቹ መካከል ባለው ጠንካራ እንጨት ላይ ብቻ ይረፉ፤ ዉፈሩንም ሆነ የትዊተሩን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሽ ክፍል) ጉልላት ምንም ነገር ሊነካ አይገባም።

ከማሸግዎ በፊት በካቻቪቴ የዉፈሮቹን ብሎኖች ያጥብቁ፤ የላሉ ከሆነ መንቀጥቀጡ ይጨርሳቸዋል። ሹል የብረት እግሮቹንና ሰፊውን መቆሚያ ፈትተው ለየብቻ ያሽጉ። የጨርቅ መከለያው በማግኔት የሚለጠፍ ከሆነ ወደ ትዊተሩ ሊገባ ስለሚችል በሁለት ካርቶን መካከል አድርገው ይለዩት። የተፈታ ብሎን ወይም የስቴፕል ሽቦ በአጠገቡ አይተዉ፣ ማግኔቱ ስቦት የዉፈሩን ወረቀት ይበሳዋልና። ከኋላ ያሉትን ቀይና ጥቁር ማገናኛዎች በአጭር ሽቦ ካገናኟቸው፣ ዉፈሩ ሲወዛወዝ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ መልሶ እንቅስቃሴውን ይገታዋል፤ ይህ ቀላል ዘዴ ይጠቅማል፤ የሚሠራው ግን የራሱ አምፕሊፋየር ለሌለው ስፒከር ብቻ ነው። የስፒከሩን ቀለም በቀጥታ የሚነካው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይሁን፤ አየር የያዘው ፕላስቲክ በቀይ ባሕር ሙቀት ውስጥ በሚያብረቀርቅ ቀለም ላይ የአረፋውን ምልክት አትሞ ይቀራል። ፕላስተርም በእንጨቱ ላይ ፈጽሞ አይለጥፉ።

አቁሞ ስለመላክ ጽፈዋል፤ በዚህ አልስማማም። ረጅምና ጠባብ ሳጥን «ቁም» ተብሎ ቢጻፍበትም መውደቁ አይቀርም፤ ሲገነደስም የላይኛው ጫፉ መሬት የሚመታበት ፍጥነት፣ በግምት ከቁመቱ አንድ ተኩል እጥፍ ከፍታ የተለቀቀ ዕቃ ያህል ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በጀርባቸው አጋድመው፣ በመካከላቸው ፎም አድርገው፣ በአንድ የኮምፔርሳቶ ሳጥን ውስጥ እንዲያስቀምጧቸው እመክራለሁ። በጀርባ ሲተኛ የዉፈሩ ክብደት በብሎኖቹ ላይ ሳይሆን በክቡ ጠርዝ ላይ ያርፋል። ከኋላ ያሉት ማገናኛዎች ከፎሙ ውጭ ነጻ ሆነው እንዲቀሩ ብቻ ይጠንቀቁ። ከሳጥኑ በታች 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው የእንጨት እግሮች ይምቱ። ጠቅላላ ክብደቱ ከ100 ኪሎ ሲያልፍ በፎርክሊፍት እንጂ በሰው እጅ ስለማይነሣ፣ ከመወርወር ይድናል። ለእግሮቹና ለማጠናከሪያው የሚጠቀሙት ጣውላ የሙቀት ሕክምና ማኅተም ያለው ይሁን፤ ለእንጨት ማሸጊያ የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ የእንጨቱ መሐል ለ30 ደቂቃ 56 ዲግሪ እንዲደርስ ይጠይቃል። ኮምፔርሳቶ ግን በፋብሪካ የተጣበቀ ስለሆነ ከዚህ ደንብ ነጻ ነው። ክዳኑን በምስማር ሳይሆን በብሎን ይዝጉት፤ በጉምሩክ ፍተሻ ጊዜ ሳይሰበር ተከፍቶ መልሶ ሊዘጋ ይችላል።

ኮንቴነሩ በባሕር ሲሄድና ጅቡቲ ሲቆይ ቀን በጣም ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ጣሪያው ላይ የሚጠራቀመው ጤዛም ወደ ታች ይንጠባጠባል። በሳጥኑ ውስጥ በቂ የእርጥበት መጣጭ ከረጢት ያስገቡ፣ ክዳኑንም በውጭ በኩል ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ይሸፍኑ፤ ስፒከሩን ራሱን ግን አየር በማያስወጣ ፕላስቲክ ጥብቅ አድርገው አይጠቅልሉት፣ እርጥበቱን አብሮት ያስቀረዋልና። በእያንዳንዱ ደረጃ ፎቶግራፍ ያንሡ። የመድን ድርጅቶች ካሳ ከሚከለክሉባቸው ምክንያቶች አንዱ በቂ ያልሆነ እሽግ ስለሆነ፣ ፎቶው ማስረጃዎ ይሆናል።

ከስፒከሮቹ ጋር የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ሰብዉፈር የሚልኩ ከሆነ፣ በ220 ቮልት መሥራት መቻሉን ከጀርባው ያረጋግጡ፤ ተራ ስፒከሮች ግን ይህ ችግር የለባቸውም። ለወንድምዎ ደግሞ አንድ ወረቀት ጽፈው በክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይለጥፉላቸው። ሳጥኑን ሲረከቡ የተሰበረ ነገር ካዩ ከመፈረማቸው በፊት በሰነዱ ላይ ያስመዝግቡ፤ ስፒከሮቹንም ሁለት ሰው ሆነው ያውጡ። ከሁሉም በላይ አምፕሊፋየሩን ከማገናኘታቸው በፊት ቀዩንና ጥቁሩን ያገናኘውን አጭር ሽቦ መፍታት አለባቸው፤ ሽቦው እንዳለ አምፕሊፋየሩ ከተከፈተ ሾርት አድርጎ ሊያቃጥለው ይችላል።