የጠፋው የኦክስፎርድ ኧርልነት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የኦክስፎርድ ኧርል (ኧርል የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ ነው) ኦብሪ ደ ቪር በ1703 ሲሞት ማዕረጉም አብሮት ጠፋ ይባላል። ነገር ግን ዳያና የምትባል ልጅ ነበረችው። እሷ ለምን አልወረሰችም? ደግሞ በ1711 የኦክስፎርድ ኧርል እንደገና ብቅ ይላል። ቤተሰቡ ተመለሰ ማለት ነው?

መልስ፦ የዳያናን መንገድ የዘጋው በ1393 የተሰጠ የፓርላማ ውሳኔ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኧርልነቱን በመጀመሪያ የሰጠችው በ1141 ከንጉሥ ስቲቨን ጋር ለዙፋን ትዋጋ የነበረችው እቴጌ ማቲልዳ ናት። የተቀበለው ኦብሪ ደ ቪር ሲሆን የቤተሰቡ ግንብ በኤሴክስ የሚገኘው ሄዲንግሃም ነው።

9ኛው ኧርል ሮበርት የዳግማዊ ሪቻርድ ባለሟል ነበር፤ ንጉሡ በ1386 የአየርላንድ ዱክ (ከኧርል የሚበልጥ ማዕረግ) እስከማድረግ ደርሶ ነበር። በ1387 መጨረሻ ራድኮት ድልድይ ላይ በንጉሡ ተቃዋሚዎች ተሸንፎ ከአገር ሸሸ፤ በዓመቱ ፓርላማው ማዕረጉንና ርስቱን ገፈፈው። በ1392 ሉቨን ከተማ ልጅ ሳይተካ ሞተ። ማዕረጉ በ1393 ለአጎቱ ለኦብሪ ሲመለስ «ለእሱና ከአብራኩ ለሚወርዱ ወንድ ወራሾች» የሚል ሐረግ ተጨመረበት። ከዚያ ወዲህ በትውልዱ መካከል አንዲት ሴት ከገባች ውርሱ እዚያው ይቆማል። ቤቱን ያዳነው ወረቀት ቆይቶ ቤቱን ዘጋው።

ሐረጉ የተፈተነው በ1626 ነው። ከዓመት በፊት 18ኛው ኧርል ሄንሪ ልጅ ሳይኖረው ሞቶ ሁለት ተከራካሪዎች ቀረቡ። ሮበርት ደ ቪር ሩቅ ዘመድ ነው፣ ግን በወንድ በወንድ የወረደ። ሎርድ ዊሎቢ የተባለው ሮበርት በርቲ ደግሞ የሟቹ የአክስት ልጅ ነው፤ በደም ይቀርባል፣ ግን በእናቱ በኩል። የሎርዶች ምክር ቤት (የፓርላማው የመኳንንት ምክር ቤት) ዳኞቹን አማክሮ ውርሱን ከፈለው፦ ኧርልነቱ ለደ ቪር፣ ቤተሰቡ በውርስ ይዞት የነበረው የታላቁ እልፍኝ አስከልካይ የቤተ መንግሥት ሹመት ለበርቲ። ሹመቱን ለቤተሰቡ የሰጠው ቀዳማዊ ሄንሪ በ1133 ስለሆነ የ1393ቱ ሐረግ አይነካውም። ብዙ ጸሐፊዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ማዕረግ፣ ሹመትና ርስት ተያይዘው የሚወርዱ ይመስላቸዋል። ኧርልነቱ ከጠፋ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ሹመቱ ግን ከበርቲ ዘሮች እጅ አልወጣም፣ በ2022 ሎርድ ካሪንግተን ያዙት።

ዳያናም ዘር አላጣችም። የሴንት ኦልባንስን ዱክ ቻርልስ ቦክሌርን አግብታ ነበር፤ ከእሷ የተወለዱት የዚያ ቤት ዱኮች ሆነዋል።

የ1711ዱ ኧርል ሌላ ሰው ነው፦ የንግሥት አን ሚኒስትር ሮበርት ሃርሊ። ማዕረጉ አዲስ ስለሆነ ቁጥሩ ከ1ኛ ይጀምራል። ሙሉ ስሙ «የኦክስፎርድ ኧርልና የሞርቲመር ኧርል» ነው፤ ሁለተኛው ስም የተጨመረው አንድ ደ ቪር ድንገት ተነሥቶ ኦክስፎርድን ቢረታ ሞርቲመር እንዲተርፍለት ነው። ጥሩ ጥንቃቄ ነበር፣ ግን ማንም አልመጣም። የሃርሊ ማዕረግም በ1853 ጠፋ። በ1925 ለቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ለአስኲዝ የተሰጠው «የኦክስፎርድና አስኲዝ ኧርል» ደግሞ ሦስተኛ፣ ከሁለቱም የተለየ ማዕረግ ነው።

ጥያቄ፦ ዛሬ ደ ቪር የሚባል ሰው ማዕረጉን ቢጠይቅ ምን ማስረዳት አለበት?

መልስ፦ ከራሱ ተነሥቶ ወደ ላይ ይቆጥራል። ለእያንዳንዱ ትውልድ ልደትን፣ የወላጆችን ጋብቻና ሞትን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልገዋል። ጋብቻው ዋናው ነው፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ አይወርስም። ከሐምሌ 1837 ወዲህ ያለው በመንግሥት መዝገብ ይገኛል፤ ከዚያ በፊት የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገቦች አሉ። እነዚህ የታዘዙት በ1538 ስለሆነ ከዚያ ላለፈው ኑዛዜና የርስት ውል መፈለግ ግድ ነው።

የሚደርስበት ሰው የ1393ቱ ኦብሪ መሆን አለበት። ከእሱ በፊት ከተገነጠለ ቅርንጫፍ የወረደ ሰው ደሙ እውነተኛ ቢሆን እንኳ መብት የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ የሚወድቀው ግን በሌላ ምክንያት ነው፦ የራስን መስመር ማሳየት አይበቃም፣ ከራስ የሚቀድሙት የታላላቅ ወንድሞች መስመሮች አንድ በአንድ ወንድ ሳያስቀሩ ማለቃቸውም መረጋገጥ አለበት።

ስሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በ1832 አንድ የአየርላንድ ባለርስት ቤተሰብ ሀንት የሚለውን ስሙን ትቶ ደ ቪር ተብሏል።