ጎፈር፣ በርኖስና የጃዝ ኮት

ወንድሜ፣ በደብረ ብርሃን ቅዳሜ ማታ ኢትዮ ጃዝ የምትጫወቱ አምስት ልጆች መሆናችሁን፣ ግማሻችሁ እንደ ጥንቶቹ አሜሪካውያን ጥቁር ሙሉ ልብስና ባርኔጣ፣ ግማሻችሁ የሀገር ልብስ እንልበስ እያላችሁ መከራከራችሁን ጽፈሃል። ለሙዚቀኞች ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከፎቶግራፍ አትቅዱ፤ ከምትጫወቱት ሙዚቃ ተነሡ። የጃዝ ሰዎች ራሳቸው እንዲህ ነው ያደረጉት። ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች አንድ ዓይነት ይለብሱ ነበር። ቡድኑ አንሶ እያንዳንዱ በየተራው ብቻውን የሚጫወትበት ጊዜ ሲመጣ ግን ልብሱም የየራስ ሆነ። ዲዚ ጊለስፒ በቤሬ ቆቡና በወፍራም መነጽሩ፣ ሌስተር ያንግ አናቷ ጠፍጣፋ በሆነች ባርኔጣው ከሩቅ ይለዩ ነበር። ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ትከሻው ሙሌት የሌለው፣ ሸንቀጥ ያለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኮት መረጠ። ስለዚህ አምስታችሁ አንድ ዓይነት መልበስ የለባችሁም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ዙት ሱት ነው። የጃዝ ዘፋኙ ካብ ካሎዌይ ይለብሰው የነበረው፣ ኮቱ እስከ ጉልበት የሚወርድ፣ ሱሪው ጉልበት ላይ ሰፍቶ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠብ፣ ጨርቅ የሚበላ ልብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ መንግሥት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ለልብስ የሚውለውን ሱፍ ሲገድብ፣ ያን መልበስ እንደ እምቢተኝነት ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ1943 ሎስ አንጀለስ ውስጥ መርከበኞች ይህን የለበሱ ወጣቶችን፣ በተለይ የሜክሲኮ ተወላጆችን፣ በየመንገዱ እያሳደዱ ደበደቡ፤ ልብሳቸውንም ገፈፉ። ያ ልብስ ክብር የተነፈገው ወጣት «እዚህ አለሁ» የሚልበት ስለነበረ ነው እንዲህ ያስቆጣው። እናንተ የምትቀዱት ፎቶግራፍ ይህን ሁሉ አይነግራችሁም።

የሀገር ልብስ ለምትሉት ደግሞ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን አስቡ። በይፋት የተወለዱ የእኛው ሰው ናቸው። ሽለላን በሳክስፎን ሲነፉ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ የጦረኛ ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ ይቆሙ ነበር። ጎፈሩ ያማረባቸው ከሳክስፎናቸው የሚወጣው ድምፅ የጦረኛ ድምፅ ስለሆነ ነው። ትዝታን በዝግታ የሚጫወት ልጅ ያንኑ ጎፈር ቢደፋ ለእኔ ትርጉም የለውም።

ወደ ስፌቱ ልምጣ። የመንዝ በርኖስ የሚሠራበትን ጥቁር የበግ ሱፍ ለአንድ ባስ ጊታር ተጫዋች ሰደርያ አድርጌ ሰፍቼለት እጅግ አምሮበታል፤ ለከተማችን ብርድም የሚሆን ነው። ነገር ግን ሱፉ ሸካራና ከባድ ስለሆነ ጥሩ ገበር ይፈልጋል። ጀርባውን በስስ ጨርቅ አድርጉት፤ አለዚያ በመድረክ መብራት ሥር ላብ ያጠምቃችኋል። ሙሉ ኮት ከእርሱ አታሰፉ፤ ክንድ ያስራል።

ኮት ለምትፈልጉት ዋናው ነገር ብብቱ ነው። የእጅጌው መግቢያ ወደ ብብት ተጠግቶ ከተቆረጠ፣ ክንድ ሲነሣ ኮቱ አብሮ አይነሣም። ሰፊ ብብት የተመቸ ይመስላል እንጂ ሲጫወቱ ትከሻውን በሙሉ ወደ ላይ ይጎትተዋል። የቴነር ሳክስፎን ማንጠልጠያ ኮሌታውን ስለሚጫነው ኮሌታው ጠንከር ያለ ይሁን። የመሣሪያው አካልም በቀኝ ዳሌ በኩል ኮቱን ስለሚፈገፍገው፣ በዚያ በኩል የብረት ቁልፍ አታስደርጉ፤ መሣሪያውን ይጭረዋል። ድራም የሚመታው ልጅ ኮት ይቅርበት፤ ሸሚዝና ሰደርያ ይበቃዋል።

ወደ የትኛውም ሰፊ ብትሄዱ መሣሪያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ልካችሁም እንደምትጫወቱ ሆናችሁ ይወሰድ። ቆሞ የተለካ ኮት ተቀምጦ ኪቦርድ ለሚጫወት ሰው ሆዱ ላይ ይሰበሰባል፣ እጅጌውም ያጥርበታል።