ለከባድ ሥራ የሚሆን ሴንጢ በአነስተኛ ዋጋ

ጥያቄ፦ የምሠራው በዕቃ መጋዘን ውስጥ ሲሆን፣ ካርቶን፣ ወፍራም ገመድ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ አልፎ አልፎም የጎማ ቱቦ እቆርጣለሁ። ከዚህ በፊት ከገዛኋቸው ሁለት ርካሽ ሴንጢዎች የአንዱ ስለት ብዙም ሳይቆይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ፤ ሌላው ደግሞ ገመድ እየቆረጥሁ ሳለ በድንገት ታጥፎ ጣቴን ለጥቂት ሳተኝ። ውድ የሆነውን ለመግዛት አቅሜ ስለማይፈቅድ፣ ቢያንስ ስለቱ ወፍራም የሆነ ከበድ ያለ ሴንጢ ልግዛ ብዬ አስቤአለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? ስለ ብረቱ ዓይነትስ ምን ያህል ልጨነቅ?

መልስ፦ ስለ ውፍረት ያለዎትን ሐሳብ ቢተዉት እንመርጣለን። በመቁረጥ ሥራ ላይ እያለ ስለቱ ከመካከሉ የሚሰበር ሴንጢ ከስንት አንድ ነው። ባለቤቱን የሚከዳው መገጣጠሚያው ነው፤ ይኸውም ስለቱ የሚዞርበት ብሎን፣ ሲዘረጋ የሚደገፍበት ማቆሚያና እንዳይታጠፍ የሚይዘው መቆለፊያ ናቸው። ጀርባው ላይ 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ኖሮት ወደ አፉ እየሳሳ የሚወርድ ስለት እርስዎ ለዘረዘሩት ሥራ ሁሉ ይበቃል። ከዚያ የወፈረው ካርቶን ውስጥ እንደ ሽብልቅ እየተቀረቀረ የበለጠ ኃይል ያስወጣዎታል፤ እጅ የሚቆረጠውም አብዛኛውን ጊዜ በኃይል ሲገፉ ነው።

ስለዚህ ገንዘብዎን መቆለፊያው ላይ ያውሉት። በእርስዎ ላይ የታጠፈው ሴንጢ ምናልባት መቆለፊያ የሌለውና ስለቱ በጀርባ ሞላ ብቻ የሚያዝ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ለቀላል ሥራ ቢሆን እንጂ ለወፍራም ገመድ አይታመንም። በርካሽ ሴንጢዎች ላይ በብዛት የሚገኘው መቆለፊያ በእጀታው ውስጥ ያለ ስስ ላሜራ ወደ ጎን ተስፈንጥሮ ከስለቱ ግርጌ ኋላ የሚቆምበት ነው። ይህን ዓይነት ሲገዙ ስለቱን ዘርግተው ላሜራው የት እንዳረፈ ይመልከቱ። የግርጌውን ውፍረት ሲሶ ያህል ከያዘ ደኅና ነው፤ ዳሩን ብቻ ነክቶ ከቆመ ሊያመልጥ ይችላል፤ ገና አዲስ ሳለ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ከሄደ ደግሞ ሲበላ የሚጠጋበት ቦታ የለውም። በዚሁ መንገድ የሚሠራ ግን ላሜራ ሳይሆን የእጀታው ብረት ራሱ ተሰንጥቆ የሚይዝበት ዓይነትም አለ፤ ብረቱ ወፍራም ስለሆነና ሲጨብጡትም እጅዎ መቆለፊያውን ወደ ቦታው ስለሚገፋው፣ ለከባድ ሥራ እኛ ይህን እናስቀድማለን።

መቆለፊያቸው በእጀታው ጀርባ ላይ የሆነም አሉ። ባክ 110 የተባለው የአሜሪካ ሴንጢ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በዚህ አሠራር እየተመረተ መቆየቱ አስተማማኝነቱን ያሳያል፤ ይሁን እንጂ መንጠቆው በሚገባበት ስርጉድ ውስጥ ቆሻሻ ከተጠራቀመ በትክክል ላይቆለፍ ስለሚችል፣ አቧራ በበዛበት መጋዘን ቶሎ ቶሎ መጥረግ ያስፈልጋል። ከሁሉም ቀላሉ እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ የሚሠራው የፈረንሳዩ ኦፒኔል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የተጨመረለት የሚዞር የብረት ቀለበት ስለቱን ቆልፎ ይይዛል። ዋጋው ዝቅተኛ፣ ስለቱም ስስና እጅግ ቆራጭ ነው፤ ሆኖም የእንጨት እጀታው እርጥበት ሲያገኘው አብጦ ስለቱን አላወጣም ስለሚልና ለመክፈትም ሁለት እጅ ስለሚፈልግ ለእርስዎ ሥራ የመጀመሪያ ምርጫችን አይደለም።

ሻጩ ከፈቀደልዎ፣ ጣቶችዎን ከስለቱ መታጠፊያ መንገድ አርቀው የስለቱን ጀርባ በመዳፍዎ ቀስ እያሉ ይጫኑት፤ ከዚያም ወደ ጎንና ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁት። አንዳንዶች ጀርባውን በጠረጴዛ ላይ እየመቱ ይፈትናሉ፤ ይህ ግን መቆለፊያውን ከመጉዳት በቀር በመቁረጥ ጊዜ ስለሚያርፍበት ጫና ብዙም አይነግርም።

ብረቱን በተመለከተ ያን ያህል አይጨነቁ። በዝቅተኛ ዋጋ ከሚገኙት መካከል 8ሲአር13ኤምኦቪ እና ኤዩኤስ-8 የተባሉት የብረት ዓይነቶች በቀላሉ ይሳላሉ፣ ዝገትንም በመጠኑ ይቋቋማሉ። ዲ2 የተባለው ብረት 1.5 በመቶ ያህል ካርቦን ስላለው በካርቶን ላይ ስለቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ለመሳል ያስቸግራል፣ እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠም ይዝጋል። ካርቶን ስለትን ክፉኛ የሚያደነዝዝ በመሆኑ፣ ለመሳል የማይሰንፍ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቢይዝ አይጸጸትም፤ መሳል የሚሰለቸው ደግሞ ዲ2ን ይምረጥ። የብረቱ ስም አንድ ሆኖ እንኳ አግሎና አቀዝቅዞ የማጠንከሩ ሥራ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ፣ ስሙ የማይታወቅ ሴንጢ ላይ የተጻፈ የብረት ዓይነት ብዙ ዋስትና አይሰጥም። ስማቸው ከታወቀው መካከል ስለቱ 9 ሴንቲሜትር ያህል የሆነውና በኤዩኤስ-8ም በዲ2ም የሚሠራው ራት 1 የተባለው ሴንጢ ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚስማማ ነው።

እጀታው የብረት ደጋፊ ላሜራ ያለውና በመስታወት ጭረት የተጠናከረ ናይለን ወይም ጂ-10 (የመስታወት ጭረት ጨርቅ በሙጫ ተደራርቦ የተሠራ ጠንካራ ሰሌዳ) ቢሆን፣ እጅ ሲያልበውም አያንሸራትትም። ከሁሉ በላይ ግን መገጣጠሚያው ተቀጥቅጦ የተዘጋ ሳይሆን በካቻቪቴ የሚፈታ ይሁን። የመጀመሪያው ሴንጢዎ መወዛወዝ ምክንያቱ የብሎኑ መላላት ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚጠብቅ ብሎን ካለው ሩብ ዙር ያህል አጥብቀው ይሞክሩት። በአንዳንድ አገሮች የሚቆለፍ ሴንጢ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ በአደባባይ መገኘት በሕግ ስለሚያስጠይቅ፣ ከሥራ ቦታ ይዘውት ከመውጣትዎ በፊት የአካባቢዎን ሕግ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የቀለም ጣሳ ክዳን በሴንጢዬ ስፈለቅቅ ጫፉ ተሰበረ። የፋብሪካ ጉድለት ይሆን? ተጠግኖስ ያገለግላል?

መልስ፦ ጉድለት አይመስለንም። ስለት ቶሎ እንዳይደነዝዝ ሲባል እንዲጠነክር ስለሚደረግ ወደ ጎን ሲጠመዘዝ አይለመጥም፤ ጫፉ ደግሞ ከሁሉም የሳሳው ክፍል ነው። ለጣሳ ክዳን ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ይጠቀሙ።

መጠገኑ ይቻላል። ጫፉን ሲያድሱ ከአፉ በኩል ሳይሆን ከጀርባው በኩል እየሳሉ ወደ አፉ ያውርዱት፤ ከአፉ በኩል ከተበላ አዲሱ ጫፍ ወደ ጀርባ ስለሚጠጋ፣ ሴንጢው ሲታጠፍ ከእጀታው ወጥቶ ኪስዎን ይቀዳል፣ እጅዎንም ይወጋል። የጠነከረ ስለት በሞረድ በቀላሉ ስለማይበላ ሸካራ መሳያ ድንጋይ ይሻላል። በኤሌክትሪክ መሞረጃ የሚሠሩ ከሆነ ስለቱን በየጊዜው ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ ብረቱ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ በዚያ ቦታ የነበረው ጥንካሬ ስለሚጠፋ፣ የቱንም ያህል ቢስሉት ቶሎ ቶሎ ይደነዝዛል።