ሙሉ ሰመመን ውስጥ መግባት ምን ይመስላል? የየካ አባዶ ነዋሪዎች ጥያቄና መልስ

አወያይ፦ በኮንዶሚኒየም ሳይታችን ከሚኖሩት መካከል በሰመመን ሕክምና ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ ጎረቤታችን ዛሬ ምሽት ጥያቄዎቻችሁን በጽሑፍ ለመመለስ ፈቃደኛ ሆነዋል። ጥያቄያችሁን በአጭሩ አቅርቡ፤ የግል የምርመራ ውጤት ፎቶ አታያይዙ።

መላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ርዕስ ሙሉ ሰመመን ብቻ ነው፤ በወገብ ስለሚሰጠው ማደንዘዣ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። አንድ ማሳሰቢያ ግን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ከኦፕራሲዮን በፊት የበላችሁትንና የጠጣችሁትን ከሰመመን ባለሙያው አትደብቁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ይዣለሁ። ሰመመኑ ሲሰጠኝ ምን ይሰማኛል? «ሞቶ መነሣት ነው» እያሉ አስፈርተውኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አንስቴቲስት (ሰመመን የሚሰጥ ባለሙያ) እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ጥያቄዎ ግን የሙያዬ ነው። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ አልጋው ጠባብ ነው። የደም ግፊት መለኪያው ክንድዎን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ጣትዎ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ይደረጋል፣ ደረትዎ ላይ የልብ ምት መከታተያ ይለጠፋል፤ ከዚያ በጭንብል ለጥቂት ደቂቃ ንጹሕ ኦክስጅን ይስባሉ። ብዙ ሰው ጭንብሉ የሚያፍነው እየመሰለው ይገፋዋል፤ ነገር ግን ያ ኦክስጅን ትንፋሽዎ ቆሞ እኛ የመተንፈሻ ቱቦውን እስክናስገባ ድረስ ላለችው ጊዜ የሚሆን ስንቅ ስለሆነ በረጅሙ ይሳቡት።

መድኃኒቱ በአብዛኛው ፕሮፖፎል ነው። በአኩሪ አተር ዘይትና ከእንቁላል አስኳል በሚገኝ ቅባት የተበጠበጠ ስለሆነ ወተት ይመስላል፤ ሲገባም ክንድዎን ሊያቃጥልዎ ይችላል፤ ይህ የሚጠበቅ ስለሆነ አይደንግጡ። ቲዮፔንታል የሚባለው ሌላ የሰመመን መድኃኒት የሚሰጣቸው ሰዎች ደግሞ አፋቸው ውስጥ የነጭ ሽንኩርት ጣዕም እንደመጣባቸው ይናገራሉ። ከዚያ ጭንቅላትዎ ቀለል ይልዎታል፣ የሰዎቹ ድምፅ ይርቅብዎታል፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላም ያበቃል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልግለጽልዎ ብል የምገልጸው ነገር የለም። ሌሊት ተኝተው ሕልም ባያዩ እንኳ ሲነቁ ጊዜ ማለፉን ያውቁታል፤ ከሰመመን የሚነቃ ሰው ግን ሁለት ሰዓት የፈጀው ኦፕራሲዮን ካለቀ በኋላ «ገና አልጀመራችሁም እንዴ?» ብሎ ይጠይቀናል። የተኛን ሰው ቢቆነጥጡት ይነቃል፤ ሰመመን ውስጥ ያለው ግን ቆዳው ሲቀደድ አይነቃም፣ ብዙ ጊዜም በራሱ አይተነፍስም። ፕሮፖፎሉ ብቻውን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚለቅ፣ ሰመመኑን በጋዝ የሚያስቀጥል፣ ትንፋሽዎን፣ ግፊትዎንና የልብ ምትዎን የሚከታተል ባለሙያ እስኪነቁ ድረስ ከራስጌዎ አይለይም። ሲነቁ ጉሮሮዎ ይከረክርዎታል፣ አፍዎ ይደርቃል፣ ብርድ ብርድ ይልዎት ይሆናል፤ መኪና የሚያቅለሸልሽዎ ከሆነ ደግሞ ከሰመመን በኋላም ሊያቅለሸልሽዎ ስለሚችል አስቀድመው ይንገሩን።

ጥያቄ፦ ይህ የእንቁላል ቅባት ያሉት ነገር ጾም ያስገድፋል?

መልስ፦ ይህን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ማደንዘዣ ጉዳት አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የትኛው ማደንዘዣ፣ ለስንት ዓመት ሰው፣ ለየትኛው ኦፕራሲዮን? እንዲህ ባለ ጥያቄ ላይ የምሰጠው መልስ ለማንም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ በመሐል ብነቃስ? ቢላው እየተሰማኝ መናገር ቢያቅተኝስ?

መልስ፦ ይህ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም፤ ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ስለምንሰጥ፣ የነቃ ሰው መንቀሳቀስ ላይችል ይችላል። በእንግሊዝና በአየርላንድ የተካሄደውና በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ሰፊ ጥናት፣ ሕመምተኞች ራሳቸው ያመለከቱት መንቃት ከ19 ሺህ ገደማ ሰመመን አንድ ጊዜ መሆኑን አሳይቷል። በሙሉ ሰመመን በሚደረግ የቀዶ ሕክምና ወሊድ ግን ቁጥሩ ከ670 ወደ አንድ ይጠጋል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ለእናትና ለጽንሱ ሲባል ሰመመኑ ቀለል መደረጉ ነው። ከዚህ በፊት ይህ የደረሰበት ሰው ካለ «ያሳፍራል» ብሎ ዝም አይበል፤ ቀጣዩ ባለሙያ ዕቅዱን የሚያስተካክለው ሲነገረው ነው።

ጥያቄ፦ ገጠር ሳለሁ እጄ ተሰብሮ በመርፌ አደነዘዙኝ። ዓይኔ ተገልጦ ነበር አሉ፤ እኔ ግን ከጣሪያው በላይ ስበር ነበር። ይህ ምንድን ነው?

መልስ፦ እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የተሰጠዎት ኬታሚን ሳይሆን አይቀርም። በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ካልቪን ስቲቨንስ የተባለ ኬሚስት የሠራው፣ በ1970 ደግሞ በዚያው አገር ለሕክምና የተፈቀደ መድኃኒት ነው። ሌሎቹ መድኃኒቶች አእምሮን እንዳለ ሲያጠፉት፣ ኬታሚን ግን አእምሮን ከአካል የሚለያየው ይመስላል፤ ዓይን ተገልጦ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፣ እጅና እግር ሊንቀሳቀስ ይችላል፣ ሰውየው ግን ሕመሙ አይደርሰውም። አንዱ ይበርራል፣ አንዱ ጠባብ ዋሻ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ከኮርኒሱ ሆኖ የገዛ አካሉን ቁልቁል ያያል።

ባልደረቦቼ «የድሀ መድኃኒት» እያሉ ሲያናንቁት እበሳጫለሁ። ትንፋሽን በአብዛኛው አያቆምም፣ የደም ግፊትን ከመጣል ይልቅ ከፍ ያደርጋል፣ በደም ሥርም በጡንቻም ይሰጣል፣ ውድ ማሽንም አይጠይቅም። መብራት በሚጠፋበት፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ተጭኖ እስኪመጣ ቀናት በሚፈጅበት የወረዳ ሆስፒታል፣ ደም የፈሰሳትን እናት ይዞ ለቆመ ሰው ከኬታሚን የተሻለ ወዳጅ የለውም። ጉድለቱ አነቃቁ ነው፤ ሲነቃ የሚጮህ፣ የሚያለቅስ፣ የሚደነግጥ አለ። ዲያዜፓም ወይም ሚዳዞላም የተባለውን ማረጋጊያ አብሮ መስጠት ቅዠቱን ይቀንሰዋል፤ በእኔ ልምድ ደግሞ ከመርፌው በፊት ሕመምተኛውን አረጋግቶ «ደስ የሚልህን ቦታ አስብ» ማለት ብዙ ይረዳል፤ ተጨንቆ የገባ ሰው ተጨንቆ ይነቃል።

አባል (ብሎክ 41)፦ እናቴ በዚሁ መርፌ ጊዜ ቅዱስ ገብርኤልን በነጭ ልብስ አየሁት ብለው እስከ ዛሬ ይምላሉ። «የመድኃኒት ቅዠት ነው» ሊሉን ነው?

አባል (ብሎክ 7)፦ ወንድሜ፣ መልአክ ለመገለጥ መርፌ ያስፈልገዋል እንዴ?

አባል (ብሎክ 41)፦ እግዚአብሔር በፈለገው መንገድ ይገለጣል። አንተ የእናቴን ልብ አይተሃል?

አባል (ብሎክ 7)፦ እናትህን አከብራቸዋለሁ። እኔ ያልኩት፣ የእኔ አጎት በዚያው መድኃኒት የሞተ በሬውን እያነጋገረ ነበርና ሁሉንም ራእይ ብንል እንቸገራለን ነው።

መላሽ፦ በኬታሚን ጊዜ ነጭ ልብስና ብርሃን አየሁ የሚል ሰው ብዙ ገጥሞኛል፤ ሰው ያየውን ምን ብሎ እንደሚተረጉመው ግን መርፌዬ አይወስንለትም፤ እኔም አልገባበትም። ወደ ርዕሳችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ ኦፕራሲዮኔ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ጸበል ጠጥቼ መሄድ እፈልጋለሁ። ቡናስ?

መልስ፦ ይህን በደንብ አንብቡት። ሰመመን ውስጥ ሲገቡ ጉሮሮዎን የሚጠብቀው ኃይል አብሮ ይጠፋል፤ ሆድዎ ውስጥ ምግብ ካለ ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሰውን ሊገድል ይችላል። ቀለል ያለ ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቅባትና ሥጋ የበዛበት 8 ሰዓት ቀድሞ መቆም አለበት። ንጹሕ ውኃ ኦፕራሲዮኑ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል፤ ጸበልም ውኃ ስለሆነ ንጋት 12 ሰዓት ላይ በልክ ከጠጡ በዚሁ ሕግ ይታያል። ወተት የሌለው ቡናም እንደ ውኃ ይቆጠራል፤ ማኪያቶ፣ በሶ፣ አጥሚት ግን ምግብ ናቸው። ሆስፒታሉ ከዚህ የጠበቀ ሰዓት ከሰጠዎት የሆስፒታሉን ይከተሉ። የሚያስቸግረን የአስታማሚ ርኅራኄ ነው፤ «ባዶ ሆዷን እንዴት ትገባለች» ብለው በኮሪደሩ አንድ ጉርሻ ያጎርሱና «ምንም አልቀመሰችም» ይሉናል። አትደብቁ። ቀጠሮ ቢራዘም ቢያንስ በሕይወት ትመለሳላችሁ።

ጥያቄ፦ ማደንዘዣ ጉዳት አለው ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር።

መልስ፦ ላይ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ እነዳለሁ። ጠዋት ተሠርቼ ከሰዓት በኋላ ሥራ እገባለሁ?

መልስ፦ አትገባም። 24 ሰዓት ሙሉ አትነዳም፣ አትፈርምም፣ አልኮል አትጠጣም። ደኅና የሆንህ ይመስልሃል እንጂ እጅህና ፍርድህ ገና ይዘገያሉ። ብቻህን በታክሲ ለመመለስ አታስብ፤ ወደ ሳይት የሚያደርስህ ሰው ይዘህ ሂድ።

ጥያቄ፦ ሰመመን ውስጥ ሆኜ ምስጢሬን ባወጣስ? (ባለቤቴ እዚህ ውይይት ላይ ስለሌለ ነው የጠየቅሁት።)

መልስ፦ ጥልቅ ሰመመን ውስጥ ያለ ሰው አይናገርም። ሲነቃ የሚለፈልፍ አለ፤ አብዛኛው የሚያወራው ግን ስለ ውኃ ጥምና ስለ ልጆቹ ነው። የሰማነው እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ስወልድ በወገቤ የወጉኝ መርፌ ይኸው ለአራት ዓመት ወገቤን ያመኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ርዕሱ ሙሉ ሰመመን ነው ብያለሁ። የወገብ ሕመምዎን መርፌው ነው ብለው ደምድመው አይቀመጡ፤ ይታዩ።

ጥያቄ፦ ጫት የሚቅም ወይም አረቄ የሚያዘወትር ሰው ማደንዘዣ አይይዘውም ይባላል።

መልስ፦ ይይዘዋል። ለብዙ ዓመት አጥብቆ የጠጣ ሰው ከፍ ያለ መጠን ሊፈልግ ይችላል። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ማታ ቅሞ ጠዋት መምጣት አደጋ አለው። ፖሊስ አይደለንም፤ ያደረጋችሁትን ንገሩን፣ አትደብቁ።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ ቶንሲል ሊወጣለት ነው። ትላንት ጉንፋን ጀምሮታል። ምንም አይደል?

መልስ፦ ችግር አለው። ጉንፋን የያዘው ሕፃን የአየር ቧንቧው በሰመመን ጊዜ በድንገት ሊኮማተርበትና ትንፋሹ ሊያጥር ይችላል፤ ቧንቧው ደግሞ ንፍጡ ከደረቀ በኋላም ለሳምንታት ቁጡ ሆኖ ይቆያል። ነገ ጠዋት ለሆስፒታሉ ደውለው ይንገሩ፤ ይራዘም ካሉ ይራዘም። በቀጠሮው ቀን በጭንብል ጋዝ የሚሰጡት ከሆነ ልጁ ሊንፈራገጥ፣ ዓይኑ ሊገለበጥ፣ ሊያንኮራፋ ይችላል፤ ይህ ሰመመኑ እየያዘው መሆኑን የሚያሳይ ስለሆነ ልጁን ቀምተው እንዳይሮጡ። የሚነቃነቅ የወተት ጥርስ ካለውም ያሳዩን።

ጥያቄ፦ አባቴ 78 ዓመታቸው ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ይቃዣሉ ተብያለሁ።

መልስ፦ በዚያ ዕድሜ ለጥቂት ቀናት ግራ መጋባት የተለመደ ነው፤ ማታ ማታ ይብሳል። መነጽራቸውንና ለመስማት የሚረዳቸውን የጆሮ መሣሪያ ይዘውላቸው ይሂዱ፣ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ፣ ቀን ቀን መስኮቱ ይከፈት፤ የጎረቤት የእንቅልፍ ኪኒን ግን አይስጧቸው። ትኩሳት ካላቸው ወይም መንቃት ካቃታቸው ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይመለሱ።