ከመፈረምሽ በፊት

ባለፈው ሰሞን አንዲት የ12ኛ ክፍል ሯጭ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ፈልገውኛል። አንዱ ቢግ ቴን ውስጥ ነው። የሌላውን ኮንፈረንስ ግን እናቴም ጓደኞቼም ሰምተውት አያውቁም። ቢግ ቴን ይሻላል አይደል?» ኮንፈረንስ በአሜሪካ እርስ በርስ የሚወዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ነው፤ ቢግ ቴን አንዱ ነው፣ ፓክ-12 ሌላው። ሦስት ቀን ሳልመልስላት ቆየሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ሁለት ልጆች ጠይቀውኝ በአንድ ትንፋሽ መልሼላቸው ነበር። «ፓክ-12ን ያዙ፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆመ ቤት ነው፣ አይፈርስም» አልኳቸው። ልጅቷ እግር ኳስ ተጫዋች ነበረች፣ ልጁ የአገር አቋራጭ ሯጭ። ሁለቱም ፈረሙ። ቤቱም ፈረሰ። ደብዳቤውን ለጠያቂዬ ብጀምረውም እንደ እሷ ለመፈረም የተዘጋጃችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ለሁላችሁም ይሁን። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ፓክ-12 ዕድሜውን ከ1915 ይቆጥር ነበር። ዩሲኤልኤ፣ ዩኤስሲ፣ ስታንፎርድ፣ በርክሌይ፣ ዋሽንግተን፣ ኦሪገን ሁሉም እዚያ ነበሩ። መፍረስ የጀመረው ጁን 30 ቀን 2022 ነው፤ የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ አስታወቁ። ቢግ ቴን በ1896 በመካከለኛው ምዕራብ የተመሠረተ ማኅበር ነው። በዚያው በጋ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የስርጭት ውል ተፈራረመ። ፓክ-12 ደግሞ የሎስ አንጀለስን ተመልካች አጥቶ ለራሱ ውል ፍለጋ ወጣ። ዋናውን ዕቃ ሸጦ ባዶ ሱቅ እንደከፈተ ነጋዴ ማለት ነው።

አንድ ዓመት ሙሉ ውሉ ዛሬ ነገ ሲባል ከረመ። በጁላይ 2023 መጨረሻ ኮሎራዶ መጠበቁ ሰልችቶት ቢግ 12 ወደሚባለው ሌላ ኮንፈረንስ ሄደ። ዘጠኝ ቀሩ። በኦገስት መጀመሪያ ኮሚሽነሩ ጆርጅ ክሊያቭኮፍ ይዘው የመጡት ከአፕል ጋር የታሰበ ውል ነበር። ጨዋታዎቹን ተመልካቹ እየከፈለ በኢንተርኔት ያያል፤ የትምህርት ቤቶቹ ገቢ የሚያድገው የተመዝጋቢው ቁጥር ሲያድግ ነው። በእጅ የሚገባው ጥቂት፣ ተስፋው ብዙ። ኦገስት 4 ቀን ጠዋት ዘጠኙ አብረው ይፈርማሉ ተብሎ ሲጠበቅ ዋሽንግተንና ኦሪገን ወደ ቢግ ቴን መሄዳቸው ተሰማ። በዚያው ቀን አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ቢግ 12ን መረጡ። 108 ዓመት የቆየው ቤት በአንድ ቀን አራት ሰው ቀረው። ከአንድ ወር በኋላ ስታንፎርድና በርክሌይ ኤሲሲ ገቡ። ኤሲሲ ስሙ ራሱ የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ ነው፤ እነሱ ያሉት ፓሲፊክ ዳር ነው። ለመግባትም ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት ከአባላት ድርሻ 30 በመቶውን ብቻ ለመውሰድ ተስማሙ። በዚያ ሰሞን ከተነገሩት ረጃጅም መግለጫዎች ውስጥ የኳስ ተጫዋቿን ልጅ የሚመለከት አንድ መስመር ፈልጌ አጣሁ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ተጥለው የቀሩት ሁለቱ ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ነበሩ። ፍርድ ቤት ሄደው የኮንፈረንሱን ንብረትና ስም ማዳን ችለዋል፤ ከ2026 ጀምሮ ቦይዚ ስቴትን፣ ኮሎራዶ ስቴትንና ሌሎችን ጨምረው ቤቱን እንደገና ለማቆም ወስነዋል። ዋሽንግተን ስቴት የሚገኘው ፑልማን በምትባል በስንዴ ኮረብታዎች የተከበበች ትንሽ ከተማ ነው። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሲሰብር የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። የእኔ ዘመን ሯጮች የፑልማንን ስም የምናውቀው በእሱ ነው። በጁን 2025 ይህ ትምህርት ቤት የዝላይና የውርወራ ውድድሮችን እንደሚያስቀር፣ የአጭር ርቀትና የመሰናክል ሩጫዎችን እንደሚቀንስና በረጅም ርቀት ላይ እንደሚያተኩር አስታወቀ። አንድ አሎሎ ወርዋሪ ሜዳውን ያጣበት ውሳኔ ለአንድ የ10,000 ሜትር ሯጭ በር ከፈተለት። ስለዚህ «የፈረሰ ኮንፈረንስ ሁሉ ይጎዳችኋል» ብዬ ልደመድምላችሁ አልችልም።

ወደ ሁለቱ ልጆች ልመለስ። የሁለቱም ትምህርት ቤቶች በዚህ ግርግር ኮንፈረንስ ቀየሩ፤ የደረሰባቸው ግን ለየቅል ነው።

ልጁ እምብዛም አልተነካም። ምክንያቱን ብዙ ወላጆች አያውቁትምና ልብ በሉ። በአገር አቋራጭ ወደ ብሔራዊው ሻምፒዮና የሚገባው በኮንፈረንስ በኩል አይደለም። አገሪቱ በዘጠኝ ቀጠና ትከፈላለች፤ ከየቀጠናው ሁለት ቡድን በቀጥታ ያልፋል፣ 13 በምርጫ ይጨመራል፣ በድምሩ 31። ቀጠናው የሚወሰነው በመልክዓ ምድር ነው። ካሊፎርኒያ ያለ ትምህርት ቤት ኮንፈረንሱ አትላንቲክም ይሁን ሌላ ቀጠናው ምዕራብ ነው። በትራክም ከምሥራቅ 48፣ ከምዕራብ 48 ሰው በየውድድሩ ይሮጥና ከየወገኑ 12 ያልፋል። እንግዲህ ለሯጭ በዓመት ውስጥ የኮንፈረንስ ለውጥ በቀጥታ የሚነካው የኮንፈረንሱን ሻምፒዮና ነው፤ አንድ በአገር አቋራጭ፣ አንድ በቤት ውስጥ፣ አንድ በመም ላይ። ሌላውን መርሐ ግብር አሰልጣኙ ራሱ ይመርጣል።

ልጅቷ ግን ተጎዳች። የኮሌጅ እግር ኳስ የኮንፈረንስ ጨዋታ በአብዛኛው ሐሙስና እሑድ ነው። ፓክ-12 ለቅርጫት ኳስና ለሌሎች ስፖርቶች ትምህርት ቤቶችን በጉርብትና ያጣምር ነበር፤ ዩሲኤልኤን ከዩኤስሲ፣ ስታንፎርድን ከበርክሌይ፣ ሁለቱን ኦሪገኖች፣ ሁለቱን ዋሽንግተኖች። እንግዳው ቡድን በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ተጫውቶ ይመለሳል፤ በረራው ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ የሰዓት ልዩነቱም ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። አዲሱ ጉዞ ምን እንደሚመስል ልጅቷ አንድ ገጽ ወረቀት ልካ አሳየችኝ። ረቡዕ ማለዳ አውቶቡስ፣ ከዚያ አምስት ሰዓት ተኩል በረራ፣ ሐሙስ ማታ ጨዋታ፣ ዓርብ ሌላ ከተማ፣ እሑድ እኩለ ቀን ሁለተኛው ጨዋታ፣ እሑድ ማታ መመለሻ። ከወረቀቱ ግርጌ በእስክሪብቶ «የኬሚስትሪ ፈተና፣ ዓርብ፣ ሆቴል» ብላ ጽፋበታለች። ፈተናውን የተፈተነችው በሆቴሉ መሰብሰቢያ ክፍል፣ አንድ የቡድኑ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ እየጠበቃት ነው።

ከሎስ አንጀለስ ኒው ጀርሲ ወደ 3,900 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ ያህል። ከርቀቱ ይልቅ የሚጎዳው ሰዓቱ ነው። በምሥራቅ እሑድ እኩለ ቀን የሚጀመር ጨዋታ ለሰውነቷ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከጨዋታው አራት ሰዓት ቀድማ መብላት ስላለባት ሰውነቷ ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው እያለ ፓስታና ዶሮ ይቀርብላታል። አትበላም፤ በሁለተኛው አጋማሽ እግሯ ይዝላል። ሕጉ ደግሞ ይህን አያይም። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ልምምድና ውድድር ይከለክላል፤ የጨዋታ ቀን የፈጀውን ያህል ቢፈጅ ሦስት ሰዓት ተብሎ ይቆጠራል፣ ጉዞ ጭራሽ አይቆጠርም። ሁለት ጨዋታ በወረቀት ላይ ስድስት ሰዓት ነው። እሷ ግን ከቤቷ አምስት ቀን ወጥታለች፣ ሦስት የትምህርት ቀን አጥታለች።

ይህ ሁሉ የተወሰነው ለአሜሪካ ፉትቦል ገቢ ሲባል ነው። የፉትቦል ቡድን በቢግ ቴን በዓመት ዘጠኝ የኮንፈረንስ ጨዋታ አለው፤ ከሜዳው ውጭ የሚጫወተው አራት ወይም አምስቱን ነው፣ ያውም በሳምንት አንዴ። ከሁሉ በጥቂቱ የሚጎዳው እሱ ነው። ፉትቦሉን ለብቻው ማድረግ አይቻልም የሚሉኝን አልቀበልም። ኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ በፉትቦል የማንም ኮንፈረንስ አባል ሳይሆን ሌሎቹን ስፖርቶች በአብዛኛው በኤሲሲ ሲያጫውት ኖሯል። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በሉዊቪል የተወለደው ያሬድ ንጉሤ በ2019 የኮሌጆች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን የሆነው፣ ኋላም በፓሪስ ኦሊምፒክ ነሐስ ያገኘው ከዚያ ትምህርት ቤት ወጥቶ ነው። ፉትቦሉ ለብቻው መሄዱ ሩጫውን አልጎዳበትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላላችሁ ልጆች ደግሞ የቅርባችሁን ላስታውሳችሁ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ1953 ኤሲሲን ከመሠረቱት አንዱ ነበር። በ2012 በጋ በገንዘብ ጉድለት ሰባት ቡድኖችን ዘጋ፤ የወንዶች አገር አቋራጭና የወንዶች የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ከእነዚያ ውስጥ ነበሩ። የወንዶች የመም አትሌቲክስ የተረፈው ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄድ አስታወቀ፤ ኤሲሲ ከ52 ሚሊዮን ዶላር በላይ የመውጫ ክፍያ ጠየቀው፣ በ31.4 ሚሊዮን ተስማሙ። ያንን ገንዘብ በአገር አቋራጭ ጫማና በአውቶቡስ ኪራይ አስቡት። ወደ ሀብታም ኮንፈረንስ የሚሄድ ትምህርት ቤት አንዳንዴ የሚሄደው ስለቸገረው ነው። ሲገባም አዲሱ ገቢ መጀመሪያ የሚደርሰው ለዕዳና ለፉትቦል ነው።

ስለ እናንተ ትውልድ የሚሰማኝን አልደብቅም። ከፊርማው ይልቅ በፊርማው ቀን ለምትነሱት ፎቶ ትጨነቃላችሁ። ኮፍያው የማን ነው፣ ስንት ሰው ወደደው። ገና የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅ ትምህርት ቤት መቀየር የሚፈልጉ አትሌቶች የሚመዘገቡበት ትራንስፈር ፖርታል ውስጥ ስማችሁን የምትከቱትንም ስነቅፍ ኖሬአለሁ። ሆኖም ትምህርት ቤቶቹ በአንድ ቀን መቶ ዓመት የኖሩበትን ጥለው ከሄዱ በኋላ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ለምን ሄድክ ብዬ የምቆጣበት አፍ የለኝም። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ በትምህርቱ ብቁ የሆነ ተማሪ የፈለገውን ያህል ጊዜ ቀይሮ ወዲያው መወዳደር ይችላል። ብትሄዱ አልፈርድባችሁም፤ ክሬዲታችሁን ግን ቁጠሩ። ሁለተኛ ዓመት ሲያልቅ የዲግሪያችሁ 40 በመቶ፣ ሦስተኛው ሲያልቅ 60፣ አራተኛው ሲያልቅ 80 በመቶ መጠናቀቅ አለበት። አዲሱ ትምህርት ቤት አራት ኮርስ አልቀበልም ቢል ከ60 ወደ 50 ትወርዱና በሰዓታችሁ ፈጣን ሆናችሁ አጥር ላይ ቆማችሁ ታያላችሁ። የኮርሶቹን ተቀባይነት ከአሰልጣኙ አፍ ሳይሆን ከሬጅስትራር በጽሑፍ አግኙ።

ጁን 2025 የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ሌላ ነገር ቀይሯል። ተሳታፊ ትምህርት ቤቶች ለአትሌቶች በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ አብዛኛው ወደ ፉትቦልና ቅርጫት ኳስ ይሄዳል። በለውጡ በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደብ ተነስቶ የቡድን አባላት ቁጥር ተገደበ፤ አገር አቋራጭ 17፣ ትራክ 45። ኮንፈረንሱ ከዚያ ዝቅ ያለ ጣሪያ ሊያወጣም ይችላል። ለሯጭ የኮንፈረንስ ስም በእርግጥ የሚያመዝነው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ አሰልጣኙን «እዚህ ስንተኛ ነኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። 18ኛ የሆነ ሰው ቡድኑ ውስጥ የለም።

ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ (ኤፍ-1) የምትመጡ፣ የክፍያ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የግቢውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አነጋግሩ፤ ቪዛው ሥራን ይገድባል። ትምህርት ቤት ስትቀይሩም ትምህርት ቤቱ ለቪዛው የሚሰጠው አይ-20 የሚባል ሰነድ በአዲስ ያስፈልጋችኋል።

አሁን ወደ አንቺ ልጄ። የጠየቅሽው የቢግ ቴን ትምህርት ቤት በ18 ቡድን መካከል ነው የሚወዳደረው፤ አሁን ባለሽ ሰዓት በኮንፈረንሱ ሻምፒዮና ከመሐል ወደ ኋላ ትሆኛለሽ። በሌላው ከፊት ከአምስቱ አትጠፊም፤ ቀጠናሽ ግን በሁለቱም አንድ ነው፣ ወደ ብሔራዊው የሚወስደውም መንገድ ያው ነው። የእናትሽ ጎረቤቶች ስሙን አለማወቃቸው አያሳስብሽ። ከሁለቱም አሰልጣኞች ያለፈውን ዓመት የጉዞ መርሐ ግብርና የቡድኑን ዝርዝር ጠይቂ። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ፈራሚውን ከትምህርት ቤቱ ጋር ያስር የነበረው ብሔራዊ የፍላጎት ደብዳቤ ቀርቷል፤ የሚያስርሽም የሚጠብቅሽም የገንዘብ ድጋፍ ውሉ ብቻ ነው። ከላክሽልኝ ውል ውስጥ ሁለተኛው ገጽ ጎድሏል። ድጋፉ የስንት ዓመት እንደሆነ፣ ከክፍያው ስንት በመቶ እንደሚሸፍንና ቡድኑ ቢዘጋ ምን እንደሚሆን መጻፍ ያለበት እዚያ ላይ ነው። አስልኪውና ለእኔም ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።