ጳጉሜንም ትቆጠራለች፦ ለወጣት የሳይት መሐንዲሶች

ልጆቼ፣

ከደጀን እስከ ዳንግላ በመንገድም በሕንፃም ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ «ክሌም» የሚለውን ቃል በየቀኑ ትሰማላችሁ። አንዱ ስሞታ ያደርገዋል፣ ሌላው ጠብ። በውል ግን ክሌም ማለት አንዱ ወገን «በዚህ አንቀጽ መሠረት ይህን ያህል ቀን ወይም ይህን ያህል ብር ይገባኛል» ብሎ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። አንቀጽ የሌለው ጥያቄ ልመና ነው። ክርክር የሚባለው ደግሞ ጥያቄው ተቀባይነት ሲያጣ የሚከተለው ነው፤ ሁለቱን አታደባልቁ።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የአንቀጽ ቁጥሮች በ1999 እ.ኤ.አ. ከወጣው የፊዲክ (የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን) የግንባታ ውል ቅጽ፣ ቀይ መጽሐፍ ከሚባለው ናቸው። ውላችሁ ሌላ ከሆነ፣ ወይም ልዩ የውል ሁኔታዎቹ ከለወጡት፣ የራሳችሁን ውል ግለጡ።

መጀመሪያ አንቀጹ ምን እንደሚሰጥ እዩ። አሠሪው ቦታውን በጊዜው ባያስረክብ (2.1) ጊዜ፣ ወጪና ትርፍ ይጠየቃል። ልምድ ያለው ተቋራጭ ሊገምተው ያልቻለ የመሬት ሁኔታ ቢያጋጥም (4.12) ጊዜና ወጪ እንጂ ትርፍ የለም። ከተለመደው የከፋ የአየር ሁኔታ (8.4) ጊዜ ብቻ ነው የሚያስገኘው። በጎጃም ሐምሌ ላይ «ዘነበብን» ብሎ መጻፍ ግን ያስቃል። ክረምቱ ከፕሮግራሙ ውስጥ መግባት ነበረበት። ዝናቡ ልዩ መሆኑ የሚታወቀው በአቅራቢያው ያለ የሜትሮሎጂ ጣቢያ የብዙ ዓመት መዝገብ ከዘንድሮው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ዋልካ ላይ ነው፤ መንገድ የማይሸከም ጥቁር አፈር ማለቴ ነው። ሰነዱ የዋልካውን ጥልቀት 40 ሳንቲ ሜትር ይላል፤ ሲቆፈር 1 ሜትር ሆነ እንበል። በ400 ሜትር ርዝመትና በ10 ሜትር ስፋት ተጨማሪው ቁፋሮ 2,400 ሜትር ኩብ ይሆናል። በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ለማይረባ አፈር ቁፋሮ ዋጋ ካለ፣ ይህ ብር የሚመጣው ተለክቶ በክፍያ ሰርተፊኬት ነው፤ ለእሱ ክሌም መጻፍ ትርፍ ድካም ነው። ክሌም የሚያስፈልገው ለጊዜው ነው። መጠኑ በጉልህ ሲጨምር 8.4 ማራዘሚያ ይፈቅዳል፣ ማስታወቂያ ካልገባ ግን የለም። ልኬቱንም ከጉድጓዱ ውሰዱት፣ ከመኪና ጭነት አትቁጠሩ፤ አፈር ሲቆፈር ይነፋልና። ሰርቬየሩ ክሮስ ሴክሽኑን (የጉድጓዱን አግድም ቅርጽ) የሚያነሳው ገረጋንቲ ከመሞላቱ በፊት ነው። ከተሞላ በኋላ የሚታይ ነገር የለም።

የወሰን ማስከበር ጥያቄም እንዲሁ ይበላሻል። «ቦታ አልተረከብንም» አይበቃም። ከየትኛው ስቴሽን (በመንገዱ ላይ የርቀት ምልክት፤ 12+300 ማለት 12 ኪሎ ሜትር ከ300 ሜትር ነው) እስከ የትኛው? በግራ ነው በቀኝ? የቆመው ቤት ነው ባሕር ዛፍ? በፕሮግራሙ መሠረት እዚያ መድረስ የነበረብን መቼ ነው? በዚያው ሳምንት ግሬደሩ ተሰብሮ ጋራዥ ከነበረ አማካሪው ያንን ቀድሞ ያነሳዋል፤ ደብቃችሁ አትጠቅሙም። የራሳችሁ ማሽን ሲቆም ደግሞ የኪራይ ዋጋ አትጠይቁ። የእርጅና ቅናሽና የኦፕሬተር ደመወዝ ይያዛል፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ አይያዝም።

አሠሪውም ክሌም አለው፤ ይህን ብዙ የአሠሪ መሐንዲሶች አያውቁትም። በ2.5 መሠረት ማስታወቂያና ዝርዝር ሳይሰጥ ከሰርተፊኬት ብር መቁረጥ አይፈቀድለትም። በ1999ኙ ቅጽ 28 ቀን ያሰረው ተቋራጩን ብቻ ሲሆን፣ የ2017 እ.ኤ.አ. እትም ሁለቱንም በእኩል አስሯል።

አሁን ወደ ቀኑ። በ20.1 መሠረት ተቋራጩ ነገሩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ፣ በ42 ቀን ውስጥ ዝርዝር ጥያቄ ያስገባል፤ ማስታወቂያው በ28 ቀን ካልገባ መብቱ ይቀራል። ቀን የተባለው እሑድንም በዓልንም ይጨምራል። ነሐሴ 20 የታወቀ ችግር ከሆነ፣ ጳጉሜንን ዘልሎ ወሩን ብቻ የሚቆጥር ሰው መስከረም 18 ላይ ይደርሳል። ጳጉሜን 5 ስትሆን ግን ጊዜው መስከረም 13 ያልቃል፤ 6 ስትሆን መስከረም 12። ችግሩ ከቀጠለ ደግሞ በየወሩ ጊዜያዊ ጥያቄ ይገባል።

ማስታወቂያው አጭር ነው፦ «በ20.1 መሠረት እናሳውቃለን፤ ነሐሴ 20 ቀን ከ12+300 እስከ 12+700 ከሰነዱ የጠለቀ ዋልካ አግኝተናል፤ የጊዜ ማራዘሚያ እንጠይቃለን፤ ዝርዝሩ ይከተላል።» ስሌት አያስፈልገውም። ስሌቱ እስኪያልቅ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ማቆየት ነው ሰውን የሚያስቀጣው። ተጠሪ መሐንዲሱ የዕለቱን መዝገብ አልፈርምም ካለ፣ ቅጂውን በዚያው ቀን ከሸኚ ደብዳቤ ጋር ላኩለት። መዝገብ ቤቱ በእናንተ ቅጂ ላይ ገቢ ማኅተም ያሳርፍ፤ ቀኑ ደብዝዞ ከወጣ ሳትወጡ እንደገና አስመቱት።